ስልሳ ሰው ማሩን

ከመርከቧ የተላከችው የጎማ ጀልባ አሸዋው ላይ ስትቆም ኦርሊን የታጠፉትን ሁለት ቃሬዛዎች በብብቷ፣ የስም መዝገቡን በእጇ ይዛ ለመውረድ ተነሣች። ከኋላ የመጣ ማዕበል ገፍቶ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቁጭ አደረጋት። ቃሬዛዎቹ እየተንሳፈፉ ሄዱ፤ መዝገቡን ግን ከራሷ በላይ አንሥታ አዳነችው።

“ኧረ ቀስ፣ የኔ እመቤት!” አለ ከዳር የቆመ አንድ ሰው። “ምሳው ገና አልደረሰም እኮ!”

ሳቅ ሆነ። ኦርሊን የጨው ውሃውን ከዓይኗ ጠርጋ ቀና አለች።

ከትናንት በስቲያ ጀምሮ በዓይነ ሕሊናዋ ስታየው የነበረው ሌላ ነው። አውሎ ነፋሱ መንገዳቸውን የቆረጠባቸው ስልሳ ሰዎች፣ ማልቀስ የደከማቸው ሕፃናት፣ ጣሪያ በሌለው ቤት ወለል ላይ የተኙ ሽማግሌዎች። አሁን የምታየው ግን በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣዱ ትልልቅ የመዳብ ድስቶች ናቸው። ቀይ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት መቅዘፊያ በሚያህል እንጨት ኩኩ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ያማስላሉ። ወንዶቹ ግንድ ይልጣሉ፤ ሴቶቹ በቅርጫት ድንጋይ ይለቅማሉ። ቤቶቹ እውነትም ጣሪያ የላቸውም፤ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው የተወጠረ ገመድ ላይ ግን የሠርግ የሚመስል ነጭ ሸሚዝ ተሰጥቷል።

“እማማ፣ ስልሳዎቹ ሰዎች የት ናቸው?” አለች ኦርሊን፣ ወደ አሮጊቷ ተጠግታ።

“ስልሳ አልሞላንም ገና። የላይ ሰፈሮቹ እስኪነቁ ፀሐይ ትጠልቃለች።”

“ማለቴ… ውሃ የከበባቸው ሰዎች።”

አሮጊቷ ማማሰላቸውን አቁመው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ቀሚሷ ይንጠባጠባል። “የኔ ልጅ፣ ደሴት ላይ እኮ ነው ያለሽው። እኔን ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቦኛል፤ ምን ላድርገው?”

“የታመመስ? ቃሬዛ ይዘን መጥተናል።”

“የታመመማ ወንድሜ ዘፋንያ አለ። እሱም አፉን ነው። ከነፋሱ ወዲህ አንድ ቀን አላረፈለትም።”

ኦርሊን ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣባት። ስሕተት መሥራቷን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ምን ዓይነት ስሕተት እንደሆነ ግን ገና አልገባትም።

ዕድሜዋ አርባ ዘጠኝ ነው። ሴንት ሉሲያ ደሴት፣ ሱፍሪየር ከተማ፣ በሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ይዛለች። የሬዲዮ አሠራሩን ማንም አላስተማራትም፤ ከሥራ በኋላ መመሪያውን እያነበበች፣ ከወንድሟ ልጅ ጋር በሁለት አሮጌ ሬዲዮ ከማዕድ ቤት ወደ በረንዳ እየተነጋገረች ነው የለመደችው። ከዚያ በደሴቶች ኅብረት ዘንድ ስሟን አስመዘገበች። ኅብረቱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ነፋስ አንዷን ደሴት ሲመታ የቀሩት ያላቸውን ያዋጣሉ። አንዷ መርከብ፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዷ ጣውላ። ሀብታም የለም፤ ግን በሚቀጥለው ዓመት ነፋሱ ወደ ማን እንደሚዞር የሚያውቅም የለም። ኦርሊን ሦስት ዓመት ጠብቃ ተራዋ የደረሰው ገና አሁን፣ ይህች ደሴት፣ ካሪያኩ፣ በተመታች በአምስተኛው ቀን ነበር። ስትሳፈር የኅብረቱ አለቃ ለሁሉም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ “ምግብ ቢያንስ እንታገሣለን። የተሳሳተ ሪፖርት ያስተላለፈ ግን በመጣበት መርከብ ይመለሳል፤ ዳግመኛም አንጠራውም።”

በደሴቲቱ ከተማ በሂልስቦሮ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሬዲዮው ዘንድ አስቀመጧት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በጩኸትና በፉጨት መሐል፣ አንድ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤

“ዊንድዋርድ ሰፈር ነን። ቅዳሜ ማሩን አለን። ስልሳ ሰው ነው፣ ሊበልጥም ይችላል። የበቆሎ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ወፍራም ገመድ። ሰው ካላችሁም ላኩ!”

“ስልሳ ሰው ማሩን? ይድገሙልኝ።”

“አዎ፣ ስልሳ! ማሩን! ቅዳሜ!”

በእሷ አገር፣ መጽሐፍ ላይም ቢሆን፣ ማሩን ማለት ባሕር የከበበው፣ መውጫ ያጣ ሰው ማለት ነው። ሽማግሌው ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ኦርሊንም በልቧ “እንዲህ ተከበውም ተስፋ አልቆረጡም፤ ጌታ ያጽናቸው” ብላ ጻፈች። በተረጂዎች ዓምድ ሥር፤ ዊንድዋርድ፣ ስልሳ፣ በአስቸኳይ ከስፍራው የሚነሡ።

አሁን ያው ድምፅ ከጀርባዋ መጣ።

“የሬዲዮዋ ልጅ! አንቺ ነሽ አይደል? ጠይም መሆንሽን ከድምፅሽ አውቄ ነበር!”

ዞር አለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ የተቀዳደደ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ጣቶቻቸው በሬንጅ ጠቁረዋል።

“አባባ ዘፋንያ?”

“አባባ ዘፋ በዪኝ። ሰው ላኩ አልኩ እንጂ መርከብ ሙሉ መርከበኛ ትልኪያለሽ አላልኩም! ኡርሲላ፣ አየሽ? ኩኩው አይበቃም አላልኩሽም?”

“አንተ ያላልከው ምን አለ?” አሉ እማማ ኡርሲላ፣ ከድስቱ ሳይዞሩ።

“አባባ ዘፋ፣” አለች ኦርሊን፣ “ማሩን ምንድን ነው?”

ሽማግሌው የቀለደች መስሏቸው ሳቁ። ፊቷን ሲያዩ ሳቁን ተዉት። እጇን ይዘው ከድስቶቹ ጀርባ ወሰዷት። እዚያ፣ ከባሕሩ ስልሳ ርምጃ ያህል ርቃ፣ ጭቃና ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት የሸራ ጀልባ በጎኗ ተኝታለች። ወገቧ ላይ በነጭ ቀለም “ትዕግሥት” የሚል ስም ተጽፏል።

“ይቺን እኔና አባቴ ነን የሠራናት። ነፋሱ አንሥቶ እዚህ ጣላት። አንድ ጣውላዋ ብቻ ነው የተሰነጠቀው፤ ደፍኜዋለሁ። ሞተሯም ደህና ነው። የሚጎትታት ግን ያስፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው ሥራ ሲኖር ሰፈሩ ሁሉ ይጠራል፣ ይበላል፣ ይጎትታል። ማሩን እሱ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?”

ኦርሊን መዝገቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ከሱፍሪየር በላይ ካለው ተራራ ቤቱን ሲያዛውር ያየችው ትዝ አላት፤ አርባ ጎረቤት ግድግዳውን በትከሻ ተሸክሞ፣ እናቷ ከታች ትልቅ ድስት ሙሉ ሾርባ ይዛ እየጠበቀች። ከፈረንሳይኛ በተወለደው በነሱ አነጋገር ያ ቀን ኩድሜን ይባላል። እኛ ደቦ እንደምንለው።

“ኩድሜን ነው፣” አለች በቀስታ። “እመቤቴ ሆይ፣ ኩድሜን ነው።”

“እንግዲህ እናንተ ለሁሉም ነገር ፈረንሳይኛ ስም አላችሁ፣” አሉ አባባ ዘፋ።

የጎማ ጀልባዋ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ብራትዌት ራሱ ወረደ። ባርባዶሳዊ ነው፤ አጭር፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ቃላቱን እንደ ጨው የሚቆጥብ። ዙሪያውን አየ። ድስቶቹን አየ። ኦርሊን ምንም ሳትደብቅ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

“ወይዘሮ ኦርሊን፣” አለ ስትጨርስ፣ “መርከቤ ላይ ስልሳ የሕይወት ጃኬት አለ። ለማን ላልብሰው? ለድስቶቹ?”

“ጥፋቱ የኔ ነው።”

“ጥፋቱን ተይው። ያቺን ታያለሽ?”

በጣቱ ከባሕሩ ማዶ ያለችውን ትንሽ ተራራማ ደሴት አሳያት። ፕቲት ማርቲኒክ ናት። ዘጠኝ መቶ ሰው ይኖርባታል፤ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎቻቸው ውስጥ ባሕር ገብቶ የሚጠጡት ካጡ አራት ቀናቸው ነው። መርከቧ የጫነችው አራት መቶ ጀሪካን ውሃ የነሱ ነበር። ጠዋት በቀጥታ ወደዚያ ልትሄድ ነበር፤ የኦርሊን መልእክት ስለደረሰ ግን ለስልሳ ሰው ቦታ ሲያመቻቹ፣ አልጋ ሲዘረጉ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ባከነ።

“ወደባቸው ፈርሷል፤ ትልቅ መርከብ አይጠጋም፣” አለ ካፒቴኑ። “በጎማ ጀልባ በአንድ ምልልስ ሃያ ጀሪካን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መነሣት አለብኝ፤ ነገ ጠዋት ባርባዶስ ላይ የሌላ ደሴት ጭነት ይጠብቀኛል። ከእንግዲህ ግማሹን ባወርድ ነው።”

ኦርሊን ማዶውን አየች። ከጠራው ሰማይ ሥር የፕቲት ማርቲኒክ ቤቶች አንድ በአንድ ይታያሉ። ከመካከላቸው ግማሹ ዛሬ ውሃ አያገኝም፤ ምክንያቱ እሷ ናት፤ አንድ ቃል ሰምታ ሳትጠይቅ ስለጻፈች። ከንፈሯ በጸሎት ሲንቀሳቀስ አባባ ዘፋ አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው በካፒቴኑ ፊት ቆሙ።

“ካፒቴን፣ ስንት ሰው ይዘሃል?”

“ሃያ ሁለት።”

“ያውቁበታል? ገመድ መጎተት?”

“መርከበኞች ናቸው እኮ አባት።”

“ባርባዶሳዊ መርከበኛ ናቸው፤ ለዚህ ነው የጠየቅኩህ። ስማኝ። ትዕግሥት ሆዷ ሰፊ ነው፤ ያንተን ውሃ በሁለት ምልልስ ትጨርሰዋለች። ደግሞ ዝቅ ያለች ናት፤ እስከ ፕቲት ማርቲኒክ አሸዋ ድረስ ትገባለች። እዚያ ያሉት የእህቶቼ ልጆች ናቸው፤ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጅ ይቀበላሉ። ለእሷ ማውረጃ ሰማንያ ሰው ያስፈልገኛል፤ ስልሳ አለኝ። አንተ ሃያ ሁለት አለህ።”

ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ። ጀልባዋን ዞሮ አያት፤ ተንበርክኮ የተደፈነውን ጣውላ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ቆሞ ጉልበቱን አራገፈ።

“ማሩን ነው ያላችሁት?” አለ።

“ማሩን።”

“እሺ፤ ማሩን ነን።”

የተላጡትን ግንዶች ከጀልባዋ ሥር እስከ ባሕሩ ደረደሯቸው። ገመድ አልበቃ ሲል ከመርከቧ መጣ፤ ኦርሊን ሐሙስ ዕለት ለነፍስ ማዳኛ ብላ ያስጫነችው ወፍራም ገመድ። እማማ ኡርሲላ በአንድ ጣሳ ውሃ ይዘው ወጡና ከጀልባዋ አፍንጫ ፊት መሬቱን ረጩ፤ በከንፈራቸው የሞቱ ወላጆችን ስም እየጠሩ። ከኩኩውና ከዶሮው መጀመሪያ የወጣውን ሳህን በርጩማ ላይ አስቀመጡ፤ ማንም አይነካውም፤ የወላጆች ነው። ኦርሊን አማተበች። ከዚያ መዝገቡን ከሳህኑ አጠገብ ትታ ገመዱን ያዘች።

“አንቺ ጻፊ እንጂ!” አለ አንድ መርከበኛ።

“ስጽፍ ምን እንዳደረግኩ አየህ እኮ፣” አለች።

አባባ ዘፋ ግንድ ላይ ወጥተው በዚያ በማያርፍ አፋቸው ጀመሩ፤ “ትዕግሥት ሆይ ውረጂ!”

“ባሕሩ ናፍቆሻል!” መለሰ ሕዝቡ።

መጀመሪያ አልነቃነቀችም። ባርባዶሶቹ በአንድ በኩል፣ የዊንድዋርድ ሰዎች በሌላ በኩል እየተሰዳደቡ ጎተቱ። “ይሄ ገመድ እንጂ የአበባ ጉንጉን አይደለም ልጄ!” “እናንተ ዘፍናችሁ ልትጨርሷት ነው እንዴ?” በአራተኛው ጉተታ ከሥር አንድ ድምፅ ወጣ፤ ግንዱ ተንከባለለ፤ ጀልባዋ ቀና አለችና አንድ ክንድ ሄደች። የኦርሊን መዳፍ ተላጠ። ከፊቷ ያለው ገመድ ላይ የእማማ ኡርሲላ ቀይ ሻሽ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰባት ሰዓት አካባቢ ትዕግሥት በኋላዋ በኩል ባሕር ገባች፤ ተወዛወዘች፤ ቆመች። አባባ ዘፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። እጃቸውን ወገቧ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩና ፊታቸውን ሳያዞሩ “ውሃው ይጫን” አሉ።

የመጀመሪያው ጭነት ሄዶ፣ ሁለተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ነበር የቀሩት የበሉት። ካፒቴን ብራትዌት ኩኩውን በጣቱ ጨለፍ አድርጎ ቀመሰ።

“ይሄ እኮ የኛ ምግብ ነው፣” አለ።

“የናንተ!” አሉ እማማ ኡርሲላ። “እናንተማ ከዓሣ ጋር አድርጋችሁ ታቀጥኑታላችሁ። ይሄ ሲቆረጥ የሚቆም ነው። ብላና ዝም በል።”

በላ፣ ዝምም አለ። ሳህኑን ሲጨርስ ወደ ኦርሊን ጠጋ አለ። እሷ መዝገቡን ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር። ስምንት ደቂቃ ያህል እንዲሁ ስታየው ነበር። በተረጂዎች ዓምድ ሥር የጻፈችው “ስልሳ” ከነበረበት አለ፤ ከጎኑ “ተነሥተዋል ወይ?” የሚል ባዶ ቦታ።

“አለቃዋ ምን እንዳሉ እኔም ሰምቻለሁ፣” አለ ካፒቴኑ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አንቺን የሚያስመልስ ነገር አልተሠራም ዛሬ። ውሃው ደርሷል። ‘ለመነሣት ፈቃደኛ አልሆኑም’ ብለሽ ጻፊ፤ እኔም እፈርማለሁ።”

“እንደዚያ ከጻፍኩ የዊንድዋርድ ስም ‘እርዳታ አንፈልግም ካሉት’ ጋር ይገባል። የጣሪያ ሸራው ተራ ሲደርስ ወደ መጨረሻው ያወርዷቸዋል።”

ካፒቴኑ ጣሪያ የሌላቸውን ቤቶች አየ። ያንን አላሰበውም ነበር። ከዚያ ፈገግ አለ። “እንግዲያው ‘ተነሥተዋል’ በዪ። ውሸት አይደለም። ሁሉም ተነሥተው ሲጎትቱ በዓይኔ አይቻለሁ።”

ኦርሊን ሳቀች፤ ከልቧ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ የተላጠው መዳፏ መቃጠል ጀመረ። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ነው። ሱፍሪየር ስትመለስ ጎረቤቶቿ “አንድ ሳምንት ሳይሞላ?” እንደሚሏት፣ የወንድሟ ልጅ ሬዲዮዎቹን መሳቢያ ውስጥ እንደሚከታቸው ታያት። ቀና ስትል በርጩማው ላይ ያለው የወላጆች ሳህን አሁንም አልተነካም። ራበኝ ብሎ እንኳ እጁን የሰደደ የለም።

ማዶ ላይ ትዕግሥት ቆማለች። ከአሸዋው እስከ ጀልባዋ በውሃ ውስጥ የተሰለፉ ሰዎች ይታያሉ፤ ቢጫ ጀሪካኖቹ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳሉ። ከዚህ ሲታዩ አንድ ረጅም ክር ይመስላሉ።

ኦርሊን እስክሪብቶዋን ከፈተች። በተረጂዎች ዓምድ ሥር ባለው “ስልሳ” ላይ አንድ ንጹሕ መስመር አሰመረች፤ ቁጥሩ እንዲነበብ እንጂ እንዳይጠፋ አድርጋ። ከሥሩ፤ “ማሩን በዚህ ሰፈር ደቦ ነው። ሳልጠይቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ።” ስሟን ሙሉ ጻፈች። “ቤቶቻቸው ጣሪያ የላቸውም፤ ሸራ ያስፈልጋቸዋል” የሚለውንም አከለች። ከዚያ ገጹን ገለጠች። እዚያ ረጂዎች የሚል ዓምድ አለ፤ ደሴቶቹ በየተራ ተዘርዝረዋል። ባርባዶስ፣ አንድ መርከብ፣ ሃያ ሁለት መርከበኞች። ዶሚኒካ፣ ሁለት ሐኪም። ሴንት ሉሲያ፣ አንድ መዝጋቢ።

ካፒቴኑ ከትከሻዋ በላይ ሲያነብ ቆየ። የመርከቧን ሬዲዮ ከቀበቶው ፈትቶ ሰጣት፤ የሪፖርት ሰዓት ደርሶ ነበር።

“ሂልስቦሮ፣ ዊንድዋርድ ነኝ፣” አለች። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበችላቸው፤ ስሕተቷን፣ ስሟን። እሷን ተክቶ እዚያ ሬዲዮው ላይ የተቀመጠው ልጅ መለሰ።

“እትዬ ኦርሊን… ይሄን ለአለቃዋ ላሳልፈው?”

“አሳልፈው። ገና አልጨረስኩም። በረጂዎች ዓምድ መዝግብ፤ ዊንድዋርድ፣ አንዲት የሸራ ጀልባ፣ ስልሳ ሰው።”

“ስልሳ ሰው በየትኛው ዓምድ?”

“በረጂዎች።”

“ረጂዎች? እርግጠኛ ነሽ? ሐሙስ ዕለት እኮ…”

ኦርሊን ወደ እማማ ኡርሲላ ዞር አለች። አሮጊቷ ባዶ ድስቱን እየፋቁ ነበር። “እማማ፣ ስንት ሆናችሁ በመጨረሻ?”

“ስልሳ አራት። የላይ ሰፈሮቹ ምሳ ሲሸት ደረሱ።”

“ስልሳ አራት፣” አለች ኦርሊን ለሬዲዮው። “አርመው። አሁን እርግጠኛ ነኝ፤ ጠይቄያለሁ።”